ስለ «ገና በነሐሴ»፦ ለፊልም ወዳጆች የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ!

የፊልም ወዳጆች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ከሥራ ውላችሁ፣ ታክሲ ተጋፍታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። ድምፄ ይሰማል? መልካም።

ዛሬ ስለ አንድ ፊልም ብቻ ነው የምናገረው። የኮሪያ ድራማ የምትወዱ እዚህ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። የሀብታም ልጅ ድሃዋን ሲወድ፣ እናቱ ገንዘብ በፖስታ አድርጋ «ልጄን ተዪው» ስትል፣ እሱ በዝናብ ሲሮጥ አይታችኋል። እኔም እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን እነዚያ ድራማዎች ዓለምን ከማዳረሳቸው በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ከዚያው አገር የወጣ አንድ ዝምተኛ የፍቅር ፊልም አለ። «ገና በነሐሴ» ይባላል፤ ገና ያልኩት በዓሉን ነው። ኮሪያ ውስጥ የታወቀ ነው፤ በዚያው ዓመት ብሉ ድራገን በሚባለው የአገሩ የፊልም ሽልማት ምርጥ ፊልም ተብሏል፣ በካን የፊልም ፌስቲቫልም የተቺዎች ሳምንት በሚባለው ክፍል ታይቷል። ከኮሪያ ውጭ ግን «የኮሪያ ድራማ ነፍሴ ነው» የሚሉ ሰዎች እንኳ አብዛኞቹ አላዩትም። ከጀመሩትም ውስጥ በሃያኛው ደቂቃ ላይ የሚያቆሙት ብዙዎች ናቸው። ዛሬ እዚህ የቆምኩት እናንተ እንዳታቆሙት ነው።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። መጀመሪያ ፊልሙ ምን እንደሆነ፤ ቀጥሎ እንዲህ ጸጥ ብሎ እንዴት እንደተሠራ፤ በመጨረሻ እንዴት እንደሚታይና ሲታይ ምን እንደሚበላሽ።

እንግዲህ አንደኛው።

ጁንግ ዎን በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ሰው ነው። በአንድ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለው። እናቱ ሞታለች፤ ከአባቱ ጋር ይኖራል። ታሟል፣ እንደማይድንም ያውቃል። ይህን ስነግራችሁ ምሥጢር እያወጣሁ አይደለም፤ ፊልሙ ራሱ ከመጀመሪያው ሆስፒታል ይወስደናል። የበሽታው ስም ግን አንድም ጊዜ አይጠራም። አንድም ጊዜ! ሌላ ፊልም ቢሆን ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ «ይህን ያህል ወር ቀርቶሃል» ይል ነበር። እዚህ ጁንግ ዎን ከሆስፒታል ወጥቶ፣ ልጆች ወደየቤታቸው የሄዱበት ባዶ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ልጅ ሳለም እንዲህ ብቻውን ሜዳው ላይ መቅረት ይወድ እንደነበር፣ የሞተች እናቱን እያሰበ አባቱም እሱም አንድ ቀን እንደሚጠፉ ያስብ እንደነበር ይነግረናል። የሕመሙ ጉዳይ በዚህ አበቃ። ከዚያ በኋላ ፊልሙ የሰውየው ሥራ፣ ቤቱና ጓደኞቹ ናቸው።

ዳ ሪም ደግሞ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ልጅ ናት። ሥራዋ መንገድ ላይ ያለአግባብ የቆሙ መኪኖችን መቅጣት ነው። መኪኖቹን ፎቶ ታነሳለች፤ ያነሳችውን ፊልም ለማሳጠብ ወደ ጁንግ ዎን ፎቶ ቤት ታመጣለች። እስቲ ይህን ልብ በሉት። ደራሲዎቹ ሁለቱን ሰዎች ለማገናኘት መኪና ማጋጨት አላስፈለጋቸውም፤ መንገድ ላይ ወረቀት መበተንም አላስፈለጋቸውም። ዲጂታል ካሜራ በየሰው እጅ ያልገባበት ዘመን ስለሆነ ማስረጃው መታጠብ አለበት፤ ስለዚህ ሥራዋ ራሱ ደጋግሞ ያመጣታል። የፊልም ጽሑፍ የምትጽፉ ካላችሁ ይህችን አንድ ነገር ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃችኋል፦ ሰዎቹን የሚያገናኛቸው ሥራቸው ይሁን።

መጀመሪያ ሲገናኙ ጁንግ ዎን ከቀብር ነው የተመለሰው። ደክሟል። እሷ ደግሞ ቸኩላለች፣ ፎቶው ቶሎ እንዲደርስላት ትፈልጋለች። ትንሽ እንድትጠብቅ ይነግራታል፤ ደስ ሳይላት ወጥታ ዛፍ ሥር ትቆማለች። ቆየት ብሎ አይስ ክሬም ይዞላት ይወጣል። በቃ፣ ይኸው ነው! ሙዚቃ አይፈነዳም፣ ካሜራው ዓይኗ ውስጥ አይገባም። ከዚያ በኋላ በሙቀቱ እየገባች ቬንቲሌተር ፊት ትቀመጣለች። ዝናብ ሲመጣ በአንድ ጃንጥላ ይሄዳሉ። ማታ ሲሸኛት ተረት ይነግራታል፤ እየሰማች ክንዱን ትይዛለች። መሳሳም የለም። «እወድሻለሁ» ብሎ አይነግራትም፣ እሷም አትነግረውም። ፍቅራቸው ከአይስ ክሬም፣ ከቬንቲሌተርና ከጃንጥላ የተሠራ ነው፤ እናንተም ፍቅር መሆኑን ለመጠራጠር አንድ ደቂቃ እንኳ አታገኙም።

አሁን አንድ ትዕይንት ላይ ልቆይ። በእኔ እምነት የፊልሙ ልብ እዚያ ነው፤ ዳ ሪም ግን የለችበትም። ጁንግ ዎን አባቱን ቪዲዮ ዴክ እንዴት እንደሚከፈት ያስተምራቸዋል። ይህን ተጫን፣ ቀጥሎ ያን። አባት ይሳሳታሉ። እንደገና ያሳያቸዋል፣ እንደገና ይሳሳታሉ። ያ ሁልጊዜ ፈገግ የሚለው ልጅ በመጨረሻ ተቆጥቶ ክፍሉን ጥሎ ይወጣል። ላልገባው ተመልካች ይህ በሪሞት ምክንያት የተነሳ የቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ነው። ግን ለምንድን ነው የተቆጣው? ለአባቱ ካሁን በኋላ ዴኩን የሚከፍትላቸው ሰው እንደማይኖር ስለሚያውቅ ነው! ይህን የሚናገር አንድም ቃል የለም። ቆይቶ ጁንግ ዎን ወረቀት አውጥቶ በትልልቅ ፊደል፣ ተራ በተራ፣ አጠቃቀሙን ይጽፍላቸዋል። ለፎቶ ማጠቢያው መሣሪያም እንዲሁ መመሪያ ያዘጋጃል። ስንት የመሰናበቻ ደብዳቤ በፊልም አይተናል? ከዚህ የዴክ መመሪያ የበለጠ የከበደኝ የለም። አባቱን የሚጫወቱት ሺን ጉ ናቸው፤ አንጋፋ ተዋናይ ናቸው። ልጁ ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ሲያለቅስ ከበሩ ውጭ ቆመው ይሰሙታል። አይገቡም። የቆሙበትን አቋቋም ተመልከቱ።

ሌላው እንዳያመልጣችሁ የምለው የአሮጊቷ ትዕይንት ነው። ለዚህ ግን አንድ የአገሩን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። በኮሪያ ለቅሶ ላይ የሟቹ ፎቶ በፍሬም ሆኖ ከፊት ይቀመጣል፣ ሐዘንተኛው ለዚያ ፎቶ ይሰግዳል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እኛም ለቅሶ ቤት ፎቶ እናስቀምጣለን፣ ይዘንም እናለቅሳለን። ልዩነቱ እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ፎቶው የሚፈለገው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው፤ ከሠርግ ፎቶ ላይ ተቆርጦ ወይም ከመታወቂያ ጉርድ ፎቶ አሳድገውት ይመጣል። እዚያ ግን ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ለዚያ ቀን ብለው የሚነሱት ፎቶ አለ። በፊልሙ ውስጥ አንዲት አሮጊት ከልጆቻቸው ጋር መጥተው የቤተሰብ ፎቶ ይነሳሉ፣ ከዚያ ለብቻቸው ይነሳሉ። በኋላ ግን የአገር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ብቻቸውን፣ ተመልሰው ይመጣሉ። አምረው መነሳት ይፈልጋሉ፤ ለምን እንደሆነም ያውቃሉ። ጁንግ ዎንም ያውቃል። እንዴት እንደሚያነሳቸው፣ ፈገግ እንዲሉ እንዴት አድርጎ እንደሚያግባባቸው እዩ። ከካሜራው ኋላ የቆመውም ሰው ያው ፎቶ እንደሚያስፈልገው እናንተ ታውቃላችሁ፤ አሮጊቷ ግን አያውቁም። ይህን ልማድ ያላወቀ ተመልካች ትዕይንቱን «አንዲት ደግ አሮጊት» ብሎ ያልፈዋል።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልሂድ፤ አሠራሩ።

ዳይሬክተሩ ሁር ጂን ሆ ነው፤ ይህ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ነው። ሐሳቡ የመጣለትም ከለቅሶ ፎቶ ነው። ኪም ክዋንግ ሶክ የተባለ በጣም የተወደደ ዘፋኝ እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ዓ.ም. በወጣትነቱ ሞተ። ለቅሶው ላይ የተቀመጠው ፎቶ ግን በሰፊው የሚስቅ ፊት ነበር። ሁር ጂን ሆ ያንን ፎቶ አይቶ ነው ለሞቱ ቀን የሚስቅ ሰው ታሪክ ማሰብ የጀመረው። ስለዚህ ሰውየው ፎቶ አንሺ የሆነው እንዲሁ ለማማር አይደለም፤ ሐሳቡ ከሥሩ ፎቶ ነበር።

ዋና ተዋናዩ ሃን ሶክ ክዩ በዚያን ጊዜ የኮሪያ ሲኒማ ቁጥር አንድ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ብቻ ሦስት ትልልቅ ፊልሞች ላይ ሠርቷል። ይህን የሚያህል ኮከብ ይዞ እንዲህ ዝም ያለ ፊልም መሥራት ድፍረት ነው። ፊልሙ በወጣበት በዚያው የብርድ ወቅት እዚያው አገር በሞት የሚለያዩ ባልና ሚስት ታሪክ የሚተርክ ሌላ ፊልም ሲኒማ ቤቱን በእንባ እያጥለቀለቀ ነበር፤ መንገዱ ግልጽ ነበር፣ አልተከተሉትም። ዳ ሪምን የምትጫወተው ሺም ኡን ሃ ናት፤ በዚህ ሥራዋ የብሉ ድራገንን የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወስዳለች። ከዚያ ጥቂት ዓመት ብቻ ቆይታ ትወናን ተወች። የጥበቧን ልክ ለማወቅ ስትኮሳተር ተመልከቷት፤ ስትስቅ ብዙ ተዋናይት ታምራለች፣ ስትነጫነጭ እንድትወደድ ማድረግ ግን ጥበብ ይጠይቃል።

ካሜራው ግን፣ ወዳጆቼ፣ ካሜራው! የካሜራው ባለሙያ ዩ ዮንግ ጊል ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የታደሰውን የኮሪያ ሲኒማ በካሜራቸው ካቆሙት ሰዎች አንዱ ናቸው። እዚህ ፊልም ላይ ካሜራውን ተክለው ይተዉታል። አይሮጥም፣ ወደ ፊት አይጠጋም። ሰው ወደ ፍሬሙ ይገባል፣ ጉዳዩን ይፈጽማል፣ ይወጣል። ብርሃኑ ከመስኮት የሚገባ የበጋ ብርሃን ይመስላል። እ.ኤ.አ. በጥር 1998 ዓ.ም.፣ ፊልሙ ለሕዝብ ሊቀርብ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ዩ ዮንግ ጊል በድንገት አረፉ። ስለ ሞትና ስለ ፎቶ የተሠራ ፊልም የመጨረሻ ሥራቸው ሆነ፤ ፊልሙም ለእሳቸው መታሰቢያ ተሰጥቷል።

የተቀረጸው ጉንሳን በምትባል በምዕራብ ጠረፍ ባለች የወደብ ከተማ ነው። ፎቶ ቤቱ እውነተኛ ፎቶ ቤት አልነበረም፤ የመኪና ጋራዥ ነበር፣ ለፊልሙ ሲባል ለውጠው ሠሩት። «ቾዎን ፎቶ ቤት» የሚለውን ስም ያወጣው ሃን ሶክ ክዩ ነው፤ ልጅ ሆኖ የሚያውቀው የሰፈሩ ፎቶ ቤት ስም ነው ይባላል። ቀረጻው ሲያልቅ ፈረሰ። በኋላ የከተማው አስተዳደር መልሶ ሠራው፤ ዛሬ ሰው ከሩቅ እየሄደ ፊቱ ቆሞ ፎቶ ይነሳበታል። ለደቡብ ኮሪያ ጉዞ የምታስቡ ካላችሁ፣ ጉንሳን ከሴኡል በአውቶቡስ የምትደረስ ከተማ ናት።

አሁን ሦስተኛው፤ ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይህ ነው። እንዴት ነው የሚታየው?

ርዝመቱ 97 ደቂቃ ነው። በአንድ ተቀምጦ ይታይ። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ ያደረገ ሰው ፊልሙን አላየም። ምክንያቱን ልንገራችሁ፦ ይህ ፊልም ትንንሽ ነገሮችን እያስቀመጠ ሄዶ በኋላ ነው የሚያነሳቸው። ፎቶ ቤቱ መስታወት ውስጥ የተሰቀለ የአንዲት ሴት ፎቶ አለ፤ ማን እንደሆነች፣ ለምን እንደሚወርድ ታያላችሁ። ያን ያላስተዋለ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ግማሽ ነው የሚያገኘው።

ፍጥነት መጨመር የለም። አሁን ሰው ሁሉን ነገር አንድ ተኩል ጊዜ አፍጥኖ ነው የሚያየው። እዚህ ያን ካደረጋችሁ የቀረውን ሁሉ ትጥሉታላችሁ፤ አባትየው በር ላይ የቆሙበት ጊዜ ርዝመቱ ነው ትርጉሙ።

ስለ ኮፒው ደግሞ። የያዛችሁት ኮፒ 93 ደቂቃ ብቻ ከሆነ አትደንግጡ፤ ምናልባት አልተቆረጠም። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፤ በአውሮፓ ቴሌቪዥን ሥርዓት ወደ 25 ሲቀየር ሁሉም ነገር በጥቂቱ ይፈጥናል፣ 97ቱ ደቂቃ ወደ 93 ይወርዳል፣ ድምፁም ትንሽ ይቀጥናል። ከተቻለ ባለ 24ቱን ፈልጉ። ሰብታይትል፣ ማለት ከሥር የሚነበበው ትርጉም፣ ሲዛባም ሁለት ዓይነት መዛባት እንዳለ እወቁ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል ሰከንድ ከዘገየ፣ ማጫወቻው ላይ ያን ያህል ሰከንድ ቀድሞ እንዲወጣ መግፋት ብቻ ነው። መጀመሪያ ልክ ሆኖ እየቆየ የሚርቅ ከሆነ ግን መግፋት አይጠቅምም፤ ሰብታይትሉ ለ25ቱ ተሠርቶ ፊልሙ የ24 ነው፣ ወይም በተቃራኒው። ያን ጊዜ የሰብታይትሉን ፍጥነት ነው የምትቀይሩት። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ በየአምስት ደቂቃው እየገፋ ፊልሙን ያበላሻል። የሰው ፊት ወደ ጎን የሰፋ መስሎ ከታያችሁም የስክሪኑን ልክ ወደ ትክክለኛው መልሱት፤ አሮጌ ኮፒዎች ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው።

በስልክ አትዩት ብዬ አልገዝታችሁም፤ ያለው ስልክ ብቻ የሆነ ሰው ይይ። ግን በጨለማ ክፍል፣ የስክሪኑን ብርሃን ከፍ አድርጎ፣ በጆሮ ማዳመጫ ይይ። ብርድ ልብስ ውስጥ የሚያለቅስበት ትዕይንት ጨለማ ነው፤ በቀን ብርሃን ስልክ ላይ ጥቁር ነገር ብቻ ነው የሚታየው። ድምፁም እንዲሁ። የቾ ሶንግ ዉ ሙዚቃ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ቀሪውን ቦታ የያዙት የበጋው ነፍሳት፣ የመንገዱ ድምፅና የሞተር ሳይክሉ ናቸው። በስልኩ በራሱ ድምፅ ማጉያ ከሰማችሁት ግማሹ የለም።

የፊልሙን ታሪክ የሚያጠቃልል ጽሑፍም ሆነ ቁራጭ ቪዲዮ አስቀድማችሁ አትመልከቱ። የመጨረሻዋን ትዕይንት ቆርጦ ሙዚቃ አድርጎ የሚለጥፍ ሰው ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. ጃፓኖችም እንደገና ሠርተውታል፤ እሱን ብታዩም ከዚህኛው በኋላ ይሁን።

አሁን ወደሚያጣላው ነገር። ይህን ፊልም ያየ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ያነሳል፦ ለምን አይነግራትም? እሷ ምን አጠፋች? ሰውየው ሆስፒታል ይገባል፣ ፎቶ ቤቱ ይዘጋል። ልጅቷ ትመጣለች፣ ዝግ ነው። ደብዳቤ ጽፋ በበሩ ክፍተት ትከታለች፤ ወዲያው ተጸጽታ ልታወጣው ትታገላለች፣ እምቢ ይላታል። ደጋግማ ትመጣለች። አንድ ሌሊት ድንጋይ አንስታ መስታወቱን ትሰብራለች። «ራስ ወዳድ ነው፣ ሊነግራት ይገባ ነበር» የሚሉ አሉ። እኔ ይህን ክርክር አልሸሽም። ፊልሙም አይሸሽም፤ ባይሆን ኖሮ ድንጋዩን ባላሳየን ነበር። የእሱ ዝምታ እሷን ምን ያህል እንዳስከፈላት በዚያ በተሰበረ መስታወት በግልጽ አስቀምጦታል። እሱም ቅዱስ አይደለም፤ ሰክሮ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ «ዝም በል» ሲሉት «ለምን ዝም እላለሁ!» ብሎ የሚጮኽበትን ታያላችሁ። በፊልሙ ሁሉ ድምፁን ያን ያህል ከፍ የሚያደርግበት ሌላ ቦታ የለም። እኔ የምለው፣ እሱ የፈለገው ከእሷ ጋር ያለውን ጊዜ ሕመምተኛ ሳይሆን ፎቶ አንሺ ሆኖ ማሳለፍ ነበር። ቢነግራት ኖሮ በማግስቱ የምትመጣው አስታማሚ ሆና ነበር። ይህ ትክክል ነው ወይስ በደል? ሁለቱም ሊሆን ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ ፊልሙን ትልቅ ያደረገውም ይኸው ነው። ትዳር ያላችሁ አብራችሁ እዩትና ተከራከሩበት።

ሁለተኛ ጊዜ ስታዩት መስታወት ቁጠሩ። የፎቶ ቤቱ መስታወት፣ የመኪና መስታወት፣ የካፌ መስኮት፣ የካሜራው ሌንስ። ሁለቱ ሰዎች ስንት ጊዜ በመስታወት በኩል እንደሚተያዩ፣ ስንት ጊዜ ያለመስታወት እንደሚቀመጡ አስተውሉ። ካፌው መስኮት ላይ ጣቱ የሚያደርገውን ነገር ዛሬ አልነግራችሁም።

ከወደዳችሁት፣ ቀጥላችሁ የዚያኑ ዳይሬክተር እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. የወጣ ፊልም እዩ፤ «አንድ የጸደይ ቀን» ልበለው። የድምፅ ቀራጭ የሆነ ወጣትና የሬዲዮ ፕሮግራም አዘጋጅ የሆነች ሴት የቀርከሃ ጫካ ድምፅ፣ የበረዶ ድምፅ ለመቅዳት አብረው ይዞራሉ። እዚያ ከሁለቱ የሚሞት የለም፤ የሚሞተው ፍቅሩ ራሱ ነው፣ ለእኔ ከመጀመሪያው ይልቅ ያስከፋል። ሁለቱን በአንድ ቀን አታድርጓቸው፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት አራርቋቸው።

እንግዲህ እኔ ይኸው ነው ያለኝ። ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ፤ ማይኩ በዚህ በኩል ይመጣል። ፊልሙን አስቀድማችሁ ያያችሁ ግን አደራ፣ ስትጠይቁ የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች አታንሱ፤ አጠገባችሁ ያላየ ሰው አለ። እሺ፣ እዚያ ጋ ያለሽው እህቴ፣ ቀጥዪ።